ለኤልሳት ብሎ እንቅልፍ ማጣት፦ «ዘጠና ቀን ያለ እንቅልፍ» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልካችን ሲዞር ከርሟል። ርዕሱ «ዘጠና ቀን ያለ እንቅልፍ» ይላል። የሚያወራው ስለ ኤልሳት ነው፤ አሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ስለሚሰጠው ፈተና። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። የድሬዳዋ ሰው መሆናቸው ግን ያስታውቃል፤ የከተማዋን ሰፈሮች ከዚራንና ሳቢያንን፣ በርጫንም (ተሰብስቦ ጫት መቃሙን) እያነሱ ነው የሚመክሩት። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሥራ ልቀቁ፣ በቀን አሥራ አራት ሰዓት አጥኑ፣ ሌሊቱን በጫት ግፉት፣ በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና ሥሩ፣ ከሎጂክ ጌምስ (እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች ካሉበት ክፍል) ጀምሩ፣ ሦስት ሺህ ቃል ሸምድዱ፣ ከሰው ራቁ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ የመጨረሻም ነው ይላሉ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚህ ፈተና ከሚዘጋጁ ጥቂት የድሬ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ጥያቄ እሠራለሁ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ሥራ ስለመልቀቅ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ ዓይኗ ደም መስሎ መጣች። ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«አሜሪካ ሕግ መማር የፈለገ ሁሉ ኤልሳት ይፈተናል»

ከዚህ የምጀምረው ብዙ ሰው ፈተናው ከነጭራሹ ላያስፈልገው ስለሚችል ነው። ኤልሳት በዋናነት ለጄዲ መግቢያ ነው። ጄዲ አሜሪካኖቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ በኋላ የሚማሩት የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ነው። እኛ ጋ ግን ሕግ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥሎ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ነው የሚሰጠው። ከሐረማያ ወይም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስማማው ኤልኤልኤም የሚባለው ማስተርስ ነው። በሙሉ ጊዜ ከተማሩት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ያልቃል። ለእሱ ደግሞ በአብዛኛው ኤልሳት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ቶፍል ወይም አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የትምህርት ማስረጃና የድጋፍ ደብዳቤ ነው። እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች የውጭ አገር የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው የጎደለውን በኤልኤልኤም አሟልቶ ለጥብቅና ፈተና የሚቀርብበት መንገድ አላቸው። ሁኔታው ጥብቅ ነው፤ ሻንጣ ከማዘጋጀት በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ታዲያ ኤልሳት የማን ነው? በኢኮኖሚክስ ወይም በምህንድስና ተመርቆ ወደ ሕግ ልግባ ያለ፣ ዲቪ ደርሶት የሚጠባበቅ፣ ቤተሰቡ ፕሮሰስ የጀመረለት፣ ወይም ሕግ ተምሮም ቢሆን ጄዲን ከሥሩ ልማር ብሎ የቆረጠ ሰው ነው። ለእነዚህም ቢሆን በኤልሳት ፋንታ ጂአርኢን፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ መግቢያ አጠቃላይ ፈተናን፣ የሚቀበሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ጽሑፉ ይህን ሁሉ ዘሎ በመጀመሪያው አንቀጽ «ሥራ ልቀቁ» ይላል። ቆይ እንጂ! ፈተናው የሚመለከተኝ መሆኑን ማወቅ አይቀድምም?

«ሥራ ልቀቁ፣ በቀን አሥራ አራት ሰዓት አጥኑ»

ፈተናው ምን እንደሆነ እንይ። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሁለቱ ክርክር መመዘን ናቸው፤ አጭር ሐሳብ ይሰጥና ክፍተቱን፣ መሠረቱን ወይም ድምዳሜውን ፈልጉ ይባላል። አንዱ ረዘም ያለ ንባብ ነው። አራተኛው ከሁለቱ ዓይነት የአንዱ ድጋሚ ሆኖ ነጥብ አይያዝበትም፤ የትኛው እንደሆነ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ የ10 ደቂቃ እረፍት አለ። በጽሑፍ የሚቀርብ ክርክርም አለ፤ እሱ ለብቻው ነው፣ ከነጥቡም አይገባም። ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ነው።

አሁን ልብ በሉ። እዚህ ውስጥ የሚሸመደድ ምን አለ? ምንም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከነቁጥሩ በቃሉ የሚወጣ ሰው አንድ ነጥብ አያገኝበትም። የአሜሪካንንም ሕግ አይጠይቁም። የሚለካው አንድን አንቀጽ በጥንቃቄ አንብቦ «ይህ ከዚያ ይከተላል ወይ?» ማለት መቻል ነው። ይህ የሚመጣው ንቁ ሆኖ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ በመሥራት ነው። ከአራተኛው ሰዓት በኋላ ዓይን መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ጭንቅላት ግን ቤቱ ገብቷል። የቀረውን አሥር ሰዓት ወንበሩ ነው የሚያጠናው።

ገንዘቡም አለ። የፈተናው መመዝገቢያ ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሰነድ ማስላኪያ ሌላ፣ ለየትምህርት ቤቱ የማመልከቻ ክፍያ ሌላ። በዛሬው ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሩትና እዩት። ሥራ ልቀቁ ያሉት ሰውዬ ይህን ማን ይክፈለው እንደሚሉ አልነገሩንም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ጸሐፊው ከሰዓት ከ7 እስከ 12 ለንባብ መድበዋል። የድሬ ሰው ሆነው! ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ሆኖ፣ መብራትም ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ ማን ነው እንግሊዝኛ የሚያነበው? ከተማው ራሱ በዚያ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። አያቶቻችን ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። የድሬ ወርቅ ሰዓት ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 2 ድረስ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፤ ባጃጁም ገና አልጮኸም። ሥራ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት እዚያ ላይ ይሥራ። ቀትር ላይ ይተኛ። ማታ ነፋሱ ሲመጣ ለአንድ ሰዓት ጠዋት የሳተውን ይመልከት። ይህ ለአምስት ስድስት ወር ሲቀጥል ከሦስት ወር ስቃይ ይሻላል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ደብተሩ ጭራሽ አይከፈት።

«ያለ ምርቃና የተማረ የድሬ ልጅ ማን አለ?»

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ ተናደድሁ። ከሁሉም በላይ ልጆቹ የተቀበሉት ምክር ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ጫት እዚህ ባህልም ኑሮም ነው። ከአወዳይ የሚከንፈው መኪና የስንቱ ቤት እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። በርጫ ላይ ስንት ጸብ እንደሚበርድ፣ ስንት ቁም ነገር እንደሚወራም አውቃለሁ። ስለዚህ ልሰብክ አልመጣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለዚህ ፈተና ይጠቅማል ወይ?

ለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ መኪናው የሚከንፈውም ለዚህ ነው። ሲቃም እንቅልፍ ይሸሻል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ወሬ ይመጣል፣ ልብ ይሞላል። ችግሩ እዚህ ልብ መሙላቱ ላይ ነው። ኤልሳት ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አምስት አማራጭ አለ። ሦስቱ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይወድቃሉ። ፈተናው የቀሩት ሁለቱ ናቸው። እነሱን ለመለየት መጠራጠር ያስፈልጋል፤ «ቆይ፣ ይህን በእርግጥ ብሏል?» ማለት። ምርቃና ደግሞ መጀመሪያ የሚያባርረው ጥርጣሬን ነው። የመረቀነ ሰው ሐሳብ አያጣም። ያመጣውን ሐሳብ መጣል ነው የሚያቅተው።

ከቅዳሜ ልጆች አንዱ ሌሊት የሠራበትን ደብተር አሳይቶኛል። የመጀመሪያው ገጽ ጥርት ያለ ነው። ወደ ኋላ ስንገልጠው ጽሕፈቱ እየሰፋ፣ ከህዳጉ እያለፈ፣ ቀስት በቀስት ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። በየቦታው «ገባኝ!!» ይላል፤ ሥሩ ተሰምሮበታል፣ ተከብቦበታል። አብረን ስናርመው «ገባኝ» ካለባቸው ውስጥ አብዛኞቹ ስህተት ሆነው ተገኙ።

«አቦ ጋሼ፣ ሌሊት ሳነበው እኮ ብርሃን ነበር» አለኝ።

«ብርሃኑስ ነበር» አልኩት፤ «ጥያቄው ላይ ግን አልበራም።»

ጽሑፉ ከምርቃና በኋላ የሚመጣውንም አይናገርም። እሱን ለማውረድ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይጠራል። በማግሥቱ ራስ ይከብዳል፣ ምግብ አይበላም፣ ከሰዓት ሲሆን ሐራራው፣ የጫት አምሮቱ፣ ይጀምራል። አንድ ቀን ልተወው ያለው ሰው ደግሞ ሌሊቱን ዱካክ፣ ማለትም ቅዠት፣ ሲጫወትበት ያድራል። ይህ ዑደት ከገባ በኋላ ሰውየው የሚያጠናው ለፈተና ነው ወይስ የሚቅመው ለጥናት ነው? መለየት ያስቸግራል።

ቀን የተማርነው ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ መሆኑ በብዙ ጥናት የታወቀ ነው። ሌሊቱን ያላረፈ አእምሮ በመጀመሪያ የሚያጣው ትኩረትንና ማመዛዘንን ነው። ኤልሳት የሚለካውም እነዚህኑ ነው። በዚያ ላይ ፈተናው ሲሰጥ ጉንጭ ወጥሮ መቀመጥ የለም፤ ፈታኝ ይመለከታል፣ በፈተናው መሐል መብላት አይፈቀድም። በምርቃና ብቻ ማንበብ የለመደ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምርቃና ሊያነብ ነው ማለት ነው።

ቡናስ? ቡና ይሁን። በረካው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ለእናት ይተው።

«በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና»

በፊት የተሰጡ እውነተኛ ፈተናዎች አሉ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ የሚባለው ድርጅት ላውሀብ በሚለው ድረ ገጹ ላይ የተወሰኑትን በነጻ ያስቀምጣል፤ ለተጨማሪው በዓመት ያስከፍላል። የነጻዎቹን በየቀኑ አንድ እየሠራን ከሄድን ሳምንት ሳይሞላ ያልቃሉ። ያን ጊዜ በእጃችን የሚቀረው ነጥብ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሳትን አናውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህን ነው።

ለመማር የሚበጀው ፈተናው ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። የፈተናው አይደለም፤ እኔ ለቅዳሜ ልጆች የጻፍኩት ነው፦

«ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጭማቂ ቤት ከተከፈተ ወዲህ የሰፈሩ ሻይ ቤቶች ገቢ ቀንሷል። ስለዚህ ደንበኞቻቸውን የወሰደባቸው ጭማቂ ቤቱ ነው።» ይህን ድምዳሜ ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው? ሀ፦ ጭማቂ ቤቱ ከሻይ ቤቶቹ ይልቅ ውድ ነው። ለ፦ ጭማቂ ቤት በሌለባቸው የከተማዋ ሰፈሮችም የሻይ ቤቶች ገቢ በዚያው ልክ ቀንሷል።

የደከመ ሰው ሀን ይመርጣል። «ውድ ከሆነ ማን ይሄዳል?» ይላል። የመረጠው ከራሱ ኪስ ተነስቶ ነው። ውድ ሆኖም ሰው ሊሄድ ይችላል፤ የገቢው መቀነስም አሁንም ምክንያት ይፈልጋል። ለ ግን ነገሩን ከሥሩ ይነቀንቀዋል። ጭማቂ ቤት በሌለበትም ከቀነሰ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ ምናልባት ግንቦት ገብቶ ትኩስ ሻይ የሚጠጣ ጠፍቶ ይሆናል።

እንግዲህ ሀን ለመረጠ ልጅ ቀጣዩ ሥራ ሌላ ሃያ ጥያቄ መሥራት አይደለም። መልሱን ከማየቱ በፊት፣ ሰዓት ሳይዝ፣ ያጠራጠሩትን ጥያቄዎች እንደገና ይሞክር። ከዚያ መልሱን ይይ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ የተሳሳተው ለምን አማረኝ? ትክክለኛው ለምን ትክክል ሆነ? በአማርኛ ይጻፈው፣ በኦሮምኛ ይጻፈው፣ ችግር የለም። ይህን ያደረገ ሰው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ስህተቱ ተመሳሳይ መሆኑን ያያል። አንዱ ሁልጊዜ ያልተባለ ነገር ይጨምራል። ሌላዋ ምክንያትና መገጣጠምን ታምታታለች። የራስን አመል ማወቅ ከሃምሳ ፈተና ይበልጣል።

ሙሉ ፈተና በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። እሱንም በትክክለኛው ሰዓት ገደብ፣ ከነእረፍቱ። ነጥብ በተከታታይ መውረድ ከጀመረ ወይም አንድን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አንብባችሁ ካልገባችሁ ሰነፍ ሆናችሁ አይደለም፤ ደክማችኋል። ያን ጊዜ ጥናት መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ዝጉት። ሐረር ዘመድ ካለ ሂዱ፤ ዳገቱን እንደወጣችሁ አየሩ ራሱ ይለወጣል።

«ከሎጂክ ጌምስ ጀምሩ»፣ «ሦስት ሺህ ቃል ሸምድዱ»

ሁለቱን አንድ ላይ ልለፋቸው። ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ከፈተናው ወጥቷል። በፈረንጆቹ 2024 ነሐሴ ላይ ቀረ፤ በእሱ ፋንታ ሁለተኛ የክርክር ክፍል ገባ። ጸሐፊው የድሮ መጽሐፍ ላይ ተመርኩዘው ነው የጻፉት። ገበያ ላይ የሚሸጠው አሮጌ መጽሐፍ ወፍራም ቢሆንም ከፊሉ አሁን የሌለ ፈተና ነው።

የቃሉ ነገር ደግሞ፣ ኤልሳት ብርቅ ቃል አውቃችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚያስቸግረን የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። ስለዚህ ቃል ከመሸምደድ ረዘም ያለ እንግሊዝኛ ማንበብ ይበጃል። ንባቡ ከሕግ፣ ከሳይንስ፣ ከማኅበረሰብ ጥናትና ከሥነ ጥበብ ነው የሚመጣው። ከአራቱ የምትሸሹትን ዓይነት በቀን አንድ ገጽ አንብቡና የጸሐፊው ዋና ሐሳብ ምን እንደሆነ ለራሳችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

«ከሰው ራቁ፣ ስልክ ዝጉ፣ ለማንም አትናገሩ»

ስልኩን በጥናት ሰዓት መዝጋት ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ከሰው መራቁ ግን አይገባኝም። ድሬ ላይ ከሰው የራቀ ሰው ታመመ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ እንዲያነብ አይተዉትም! ጎረቤት በሩን ታንኳኳለች፣ እናት ትጨነቃለች፣ ጀመዓው «ምን አርገነው ነው የዘጋን?» ይላል። መደበቁ ራሱ ሌላ ሸክም ነው። ይልቅ ንገሯቸው። «ጠዋት አትጥሩኝ፣ ማታ ግን አለሁ» ማለት ይበቃል።

በዚያ ላይ ይህ ፈተና ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር የሚጠና ነው። አባቶቻችን አደባባይ ላይ «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ አንዱ ያነሳውን ሌላው በአፉ ይዞ ክፍተቱን ይፈልግ ነበር። እኛም ቅዳሜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንዷ ለተሳሳተው መልስ ጠበቃ ትሆናለች፤ የቀረነው እንሟገታታለን። አንዳንዴ በጣም ጥሩ ጠበቃ ስለምትሆን ሁላችንም እንሳሳታለን። ግን እየተሳቀ ነው። ለሊቱን ብቻውን ያፈጠጠ ሰው ያንን ጥያቄ በማግሥቱ አያስታውሰውም፤ የተሟገተበትን ግን ወር ቆይቶም ይነግራችኋል።

«የመጀመሪያው ሙከራ የመጨረሻ ነው»

አይደለም። ፈተናው በዓመት ውስጥ በተለያዩ ወራት ይሰጣል፤ መድገምም ይቻላል። ገደብ አለው፤ በሕይወት ዘመን ከ7 ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ነጥብ ያያሉ፤ አብዛኞቹ ግን ትልቅ ክብደት የሚሰጡት ለከፍተኛው ነው። በዚያ ላይ ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፤ ሰዓት ካለቀባችሁ ባዶ አትተዉት፣ ገምታችሁ ሙሉት። «አንዴ ከወደቅህ አለቀ» የሚለው ማስፈራሪያ ልጆቹን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። እርግጥ መድገም ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ የልምምዱ ነጥብ ከምትፈልጉት በጣም የራቀ ከሆነ ቀኑን በጊዜ ማዛወር ይሻላል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአንድም ሁለት ልጅ በዚህ ሲንገላታ አይቻለሁ። ስም ነው። የኛ ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደገባ እዩ። ስትመዘገቡ የፓስፖርቱን ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ ትምህርት ማስረጃው ላይ «መሐመድ» በአንድ ኤም፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤም ከሆነ አስቀድማችሁ ለኤልሳክ ጻፉላቸው። የፓስፖርቱ ጊዜ እስከ ፈተናው ቀን መድረሱንም ተመልከቱ። ማደስ ካስፈለገ ደግሞ ከምዝገባው በፊት ጀምሩት፤ ወረፋውን ታውቁታላችሁ።